ካዛንቺስ ላይ ሥራ ለሚጀምር ዲያስፖራ፦ የቫት ነገር ሳይጠየቁ ቢናገሩት

ብሪታንያ ውስጥ ሲነግድ የኖረ ሰው ከአማካሪው ጋር ስለ ቫት ሲነጋገር አንድ ነገር ለምዷል። ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ ቫትን፣ የጉምሩክ ቀረጥን፣ የኤክሳይስ ታክስንና ሌሎች ቀጥተኛ ያልሆኑ ታክሶችን ለማስቀረት የተቀመረ ዘዴ ሲኖር ለአገሪቱ የገቢዎች መሥሪያ ቤት እንዲነገር ያስገድዳል። ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ የነበረው የቫት ደንብ ግዴታውን የሚጥለው በዘዴው በሚጠቀመው ነጋዴ ላይ ነበር፤ የ2018ቱ ግን በቅድሚያ የሚይዘው ዘዴውን ቀምሮ የሚሸጠውን አማካሪ ነው። ተነገረ ማለት ጥፋት ታመነ ማለት አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ ዝም አለ ማለትም ዘዴው ጸደቀ ማለት አይደለም። ከጀርመን ወይም ከስዊድን የሚመጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን የአውሮፓ ኅብረት ተመሳሳይ መመሪያ ያውቅ ይሆናል፤ ያኛው ቫትን፣ ጉምሩክንና ኤክሳይስን አይነካም።

የኢትዮጵያ የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 እንዲህ ያለ የማሳወቅ ግዴታ አይጥልም። ይህን የሰማ ተመላሽ መጀመሪያ የሚሰማው እፎይታ ነው፤ እፎይታው ግን ቦታው አይደለም። ለንደን ላይ የዘዴው ሸክም በከፊል በአማካሪው ትከሻ ላይ ነበር። እዚህ ግን ምክሩን የሰጠው ሰው ክፍያውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ነገሩ ሲፈርስ በዋናነት የሚጠየቀው በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ የተመዘገበው ነጋዴ ነው። አዋጁ ታክስ ለማስቀረት የተደረገ ዘዴ ተገኝቶ ውሳኔ ሲሰጥ ከታክሱ በተጨማሪ የታክሱን እጥፍ ያህል መቀጫ ይጥላል። ስለዚህ ግዴታው ባይኖርም፣ ያሰቡትን አሠራር ሥራ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ መግለጥ ለተመላሹ ያዋጣዋል።

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይ ካዛንቺስ ላይ፣ ቫትን የማስቀረት ዘዴ ጥያቄ በብዛት የሚነሣው በማረፊያ ቤት ሥራ ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እዚያው በመሆኑ ለወራት የሚቀመጥ ባለሙያም ለሦስት ቀን ስብሰባ የሚመጣ እንግዳም አይጠፋም። ለመኖሪያ የሚውል ቤት ኪራይ ከቫት ነፃ ነው፤ የሆቴልና የገስት ሃውስ አገልግሎት ግን 15 በመቶ ይከፈልበታል። ስለዚህ «የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ጻፉና ጨርሱ» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። ሆኖም አንሶላው በየቀኑ የሚቀየር፣ ቁርስ የሚቀርብበት፣ ሒሳቡ በአዳር የሚታሰብ ክፍል የውሉ ርዕስ ስለተለወጠ መኖሪያ ቤት አይሆንም። ዓመታዊ ገቢው 3 ሚሊዮን ብር ቢሆን ቫቱ 450 ሺህ ብር ነው፤ መቀጫው ሲጨመር 1 ሚሊዮን 350 ሺህ ይደርሳል፤ ወለዱ ገና አልታሰበም። እንግዳዬ የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኛ ነውና ቫት አይመለከተኝም የሚለውም አያስኬድም፤ መብት ካለ የድርጅቱ ወይም የእንግዳው ነው፣ የአከራዩ አይደለም።

ሁለተኛው የተለመደ ምክር ንግዱን መክፈል ነው። አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ከወጣ በኋላ የግዴታ ምዝገባ የሚመጣው የዓመት ሽያጭ 2 ሚሊዮን ብር ሲያልፍ ነው። ካፌውን በራስ፣ ከጎኑ ያለውን ዳቦ ቤት በወንድም፣ ላይኛውን ፎቅ በባለቤት ስም ማውጣት ሦስቱንም ከመስመሩ በታች ያቆያል ይባላል። ሦስቱ በእርግጥ የተለያዩ ሥራዎች ከሆኑ፣ እያንዳንዱም የራሱ ሠራተኛ፣ የራሱ ዕቃና የራሱ የባንክ ሒሳብ ካለው፣ የሚያስጠይቅ ነገር የለም። ገንዘቡ አንድ ኪስ ከገባ ግን መክፈሉ ከታክስ ሌላ ምክንያት እንዳለው ማስረዳት ይከብዳል። ደግሞም ካልተመዘገቡ ለምድጃው፣ ለማቀዝቀዣው፣ ለወንበሩ የከፈሉት ቫት አይመለስም፤ ካዛንቺስ ላይ ገበያ የሆኑት ድርጅቶችም የቫት ደረሰኝ ከሌለ ሌላ ቤት ይሄዳሉ። እኔ እንደማየው ከመስመሩ በታች የመቆየት ትርፍ ከሚወራለት ብዙውን ጊዜ ያነሰ ነው።

አሠራርን አስቀድሞ በጽሑፍ በመግለጥ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ፣ ራስን ማጋለጥ ነው የሚለው ነው፤ ሕጉ ካልጠየቀ ማን ሄዶ ኦዲተር ይጠራል? ፍርሃቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ነገር ግን የታክስ አስተዳደር አዋጁ መጠየቅ ለሚፈልግ ሰው አንድ በር ከፍቷል፦ ግብር ከፋይ ስለሠራው ወይም ሊሠራው ስላሰበው ነገር የገንዘብ ሚኒስቴርን በጽሑፍ ውሳኔ መጠየቅ ይችላል። ጠያቂው ጉዳዩን ሙሉ በሙሉና በትክክል ከገለጠ፣ ሥራውም በማመልከቻው እንደተጻፈው ከሄደ፣ ውሳኔው ሚኒስቴሩንም ታክስ ሰብሳቢውንም ያስራል፤ ግብር ከፋዩን ግን አያስርም። አንዲት ወሳኝ ነገር ከተደበቀች ግን ከለላው የለም። ያልጠየቀው ሰው የሚጠብቀው መንገድ በአንጻሩ ይህን ይመስላል፦ አዋጁ ሲወጣ በደነገገው መሠረት በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ፣ ካልተሳካ በ30 ቀን ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን አቤቱታ፣ ለዚያውም ካከራከረው ታክስ 50 በመቶውን አስይዞ። ጥቆማም አለ፤ ስለ ታክስ ስወራ የሚረጋገጥ መረጃ ያቀበለ ሰው ከሚሰበሰበው እስከ 20 በመቶ ወሮታ ያገኛል። ተጣልቶ የወጣ ሠራተኛ ደግሞ በየሠፈሩ አለ።

ሌላው ተቃውሞ የጊዜ ነው፤ ትንሽ ካፌ የሚከፍት ሰው የሚኒስቴር መልስ ሲጠብቅ ኪራዩ ይቆጥርበታል። ይህ እውነት ነው፤ ለሁሉም ነገር ማመልከት አያስፈልግም። ሕጉ ግልጽ በሆነበት፣ ለምሳሌ ቁርስ ያለው ገስት ሃውስ ላይ፣ መመዝገብና ደረሰኝ መቁረጥ ይበቃል። ማመልከቻው የሚጠቅመው መስመሩ በሚደበዝዝበት ነው፤ ለስድስት ወር የሚከራይ ዕቃ የተሟላለት አፓርታማ፣ ጽዳቱ በኪራዩ ውስጥ ሲታሰብ መኖሪያ ነው ወይስ አገልግሎት? እንዲህ ባለው ላይ ረቂቅ ውሉን፣ የኪራዩን አከፋፈል፣ የሚሰጠውን አገልግሎት ዝርዝርና የባለቤቶቹን ዝምድና ሳይቀር አያይዘው ያስገቡ፤ የገባበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ቅጂም ይያዙ። ጉዳዩን የሚይዘው የታክስ ወኪል ፈቃድ እንዳለው ያረጋግጡ፤ «ዘዴ አለኝ» የሚል አማካሪ ካገኙ ምክሩን ፈርሞበት በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠይቁት፤ ካልፈረመ መልሱን አግኝተዋል።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ብዙ የካዛንቺስ ነጋዴ ቦታ ቀይሯል። ከእነርሱ የሚሠራ ንግድ ተረክበው ከሆነ፣ የአድራሻ ለውጥ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መነገር አለበትና የቀድሞው ባለቤት ማሳወቁን፣ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው በማን ስምና በየትኛው አድራሻ እንደተመዘገበ ከክፍለ ከተማው የገቢዎች ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ያጣሩ። ሥራውን ለዘመድ በውክልና ሰጥተው ወደ ውጭ የሚመለሱ ከሆነ ደግሞ የየወሩን የቫት ማስታወቂያ ቅጂ በየወሩ ይላክልዎ፤ ተወካዩ ቢፈርመውም ዕዳው የሚጻፈው በእርስዎ መለያ ቁጥር ላይ ነው።