ስለ ውኃ ዳር ቦታ አመዳደብና ስለ አገሬው ጥቅም፤ በጣና ዳርቻ ምሳሌነት የተዘጋጀ ትምህርት

የደጋ ሰው ስለ ሐይቅ ዳር መሬት ምን አገባው የሚል ቢኖር፥ መልሱ እንዲህ ነው። ባሕር ዳር ከደብረ ማርቆስ በመኪና መንገድ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ዳሩ ግን ሁለቱ ከተሞች ለብዙ ዘመን በአንድ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ነበሩ፥ የግዛቱም ዋና ከተማ ደብረ ማርቆስ ነበረች። ግልገል ዐባይ በሰከላ ምድር ከግሽ ዐባይ ተነሥቶ ወደ ጣና ይገባል፤ ስለዚህ በደጋው የሚታረሰው አፈር በክረምት ሲታጠብ ማረፊያው ያው ሐይቅ ነው። የደጋው ልጅም ትምህርቱን ሲጨርስ ሥራ ፍለጋ ወደዚያው ይወርዳል። እንግዲህ የሐይቁ ዳርቻ ለምን ሥራና ለማን ጥቅም እንደሚመደብ ማወቅ ለደጋውም ሰው የሚገባ ነው።

፩ኛ። የቦታ ምደባ ምን እንደ ኾነ

አስተዋይ ባለቤት ግቢውን ሲያበጅ እልፍኙን በአንድ ወገን፥ ማድ ቤቱን በነፋስ መውጫ፥ ጋጣውን ከውኃው ጕድጓድ በታች ያደርጋል። ጋጣው ከጕድጓዱ በላይ ቢኾን ዝናም በዘነበ ጊዜ እድፉ ወደሚጠጣው ውኃ ይወርዳልና። ከተማም እንዲሁ ነው። መኖሪያ የሚኾነው፥ ገበያ የሚኾነው፥ ፋብሪካ የሚቆምበት፥ ሕዝብ የሚናፈስበት ቦታ ተለይቶ በፕላን ይጻፋል። ይህ የቦታ ምደባ ይባላል።

ዘመን ሲለወጥ ግን ምደባውም ይለወጣል። ልጆች ተድረው ቤተ ሰቡ ሲበዛ ጋጣ የነበረው ስፍራ ለቤት መሥሪያ ያስፈልግ ይኾናል። ባለቤቱ ጋጣውን ያነሣል፤ ነገር ግን ከብቶቹን ወዴት እንደሚያስገባ ሳያስብ አያፈርሰውም። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የውኃ ዳር ቦታ አገልግሎቱ ሲለወጥ በዚያ የሚኖሩት ወዴት እንደሚገቡ አስቀድሞ ካልተወሰነ፥ ከተማው ቢያምርም አገሬው አይጠቀምም።

፪ኛ። ፋብሪካዎች ስለ ምን በውኃ ዳር እንደ ቆሙ

ልብስ የሚሠራ ፋብሪካ ጥጡን ፈትሎ ከሸመነ በኋላ ጨርቁን ያጥባል፥ ያነጣል፥ በቀለምም ይነክራል። ለዚህ ኹሉ ብዙ ውኃ ያስፈልገዋል፤ የታጠበበትንም ውኃ መልሶ ማፍሰሻ ይሻል። ቆዳ የሚያለፋም ፋብሪካ እንዲሁ ነው። በባሕር ማዶ ደግሞ ዕቃ በመርከብ ስለሚመጣ መጋዘኑና መሥሪያ ቤቱ ከወደቡ ዳር ይቆም ነበር። ስለዚህ በዓለም ላይ ባሉት በብዙዎቹ አሮጌ ከተሞች ያማረው የውኃ ዳር በፋብሪካና በመጋዘን ተይዞ ኖረ።

በባሕር ዳርም የኾነው ይህን ይመስላል። ኢጣሊያ በጦርነት ላደረሰችው ጥፋት በካሣ ከከፈለችው ገንዘብ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዐባይ ከጣና በሚወጣበት አጠገብ ተሠራ፤ ሥራውንም እ.ኤ.አ. በ1961 ጀመረ። በ1964 ደግሞ ከከተማዋ በታች በጢስ ዐባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ተቋቋመ። ከዚህ በኋላ ባሕር ዳር ከትንሽ መንደርነት ወጥታ የሠራተኛ ከተማ ኾነች። በእርሻ ብቻ ይኖር የነበረው ብዙ ሰው በየወሩ ደመወዝ የሚቀበል ኾነ፤ ጥጥ የሚያመርተውም ገበያ አገኘ። ይህ በጎ ሥራ ሊዘነጋ አይገባም። ኾኖም የፋብሪካ እጣቢ ወደ ዐባይ ራስ መግባቱን ሊቃውንት መርምረው ጽፈዋል፤ ያንኑ ውኃ ከታች ያለው ሰውና ከብት ይጠጣዋል። ጋጣው ከጕድጓዱ በላይ የኾነበት ቤት ይህ ነው።

፫ኛ። ሐይቁና በዳርቻው የሚኖሩት

ጣና በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ኹሉ ሰፊው ነው። ስፋቱ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲኾን ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ እንደ ሰፌድ ነው፤ የገባበትን ደለልና እድፍ ሊሰውረው አይችልም። በዳሩ የሚበቅለው ደንገል ደለሉን ያጣራል፥ ለዓሣም መራቢያ ይኾናል። ደንገሉ ተነቅሎ ድንጋይ በተደረደረበት ዳርቻ ግን ይህ ጥቅም ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ ታይቶ በብዙ ስፍራ ተስፋፍቷል፤ እርሱም የሚበረታው ከእርሻና ከከተማ በሚወርደው ማዳበሪያና እድፍ ነው። በ2015 ዩኔስኮ የጣናን ሐይቅና አካባቢውን በዓለም የሕይወት ክልል መዝገብ ጽፎታል፤ ይህም ተፈጥሮንና የሰውን ኑሮ አስማምቶ ለመጠበቅ የተገባ አደራ ነው።

በዳርቻው የሚኖሩት ብዙ ዐይነት ናቸው። ዓሣ አጥማጆች ቀረሶና አምባዛ ያወጣሉ። ነገደ ወይጦ ከጥንት ጀምረው ደንገል እያጨዱ ታንኳ ይሠራሉ፤ በዚያም ማገዶና እህል ይጫናል፥ ዓሣም ይጠመዳል። የሞተር ጀልባ ነጂዎች ጎብኚውን ወደ ደሴቶቹ ገዳማትና ወደ ዘጌ ያደርሳሉ፤ የዘጌ ሰውም ቡናውን በጀልባ ያመጣል። የፋብሪካው ሠራተኛ፥ ዓሣ የምትጠብሰው ሴት፥ የቀበሌው ልጅ ኹሉ ከዚሁ ዳርቻ ይተዳደራሉ።

ከተማዋ እያማረች ስትሄድ የሐይቁ ዳር ለሆቴል፥ ለመናፈሻና ለአዳራሽ ተፈላጊ ኾነ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዐባይ ድልድይ ተመረቀ፤ ይህም በወንዙ በሁለቱም ወገን ያለውን ቦታ ይበልጥ ተፈላጊ ያደርገዋል። መሬት ሲወደድ አስቀድሞ የሚገፋው ወረቀት የሌለው ሰው ነው። የታንኳ ሠሪው ደንገል የሚያጭድበት ረግረግ፥ አጥማጁም መረቡን የሚያሰጣበት ሜዳ በስሙ አልተጻፈለትም። አባቶች «ያባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ያሉት ለዚህ ይስማማል፤ በውኃ ዳር ተወልዶ ወደ ውኃው መውረጃ ያጣ ሰው እርሱ ነውና።

፬ኛ። በሌላ አገር የታየው

የእንግሊዝ ዋና ከተማ ለንደን የመርከብ ወደቦቿን እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1981 ድረስ በየተራ ዘጋች። መርከቦች ታላላቅ የብረት ሣጥን የሚጭኑ ኾነው ስለ ተሠሩ በአሮጌው ወደብ ለመግባት አልቻሉምና። ብዙ ሺህ ሰው ሥራ ፈታ። መንግሥት በ1981 ልዩ የልማት መሥሪያ ቤት አቁሞ 22 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቦታ ሰጠው፤ በ1982 ደግሞ በአንዱ ክፍል ለሚሠሩ ነጋዴዎች የዐሥር ዓመት የግብር ምሕረት ተደረገ። መሥሪያ ቤቱ ሥራውን በ1998 ሲፈጽም የባንክ ፎቆች ቆመው፥ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ፥ ባዶ የነበረው ስፍራ በሥራ ተሞልቶ ነበር። ነገር ግን ጭነት ሲያወርድ የኖረው ሰው በባንክ ጽሕፈት ቤት ለመሥራት ትምህርቱ አልነበረውም፤ የቤቱም ዋጋ ስለ ወጣ ልጆቹ በተወለዱበት ሰፈር ለመኖር ተቸገሩ። ቦታው ለማ፥ ባለቦታው ግን ድርሻው አነሰ።

የጀርመን ከተማ ሐምቡርግ ሌላ መንገድ ያዘች። 157 ሄክታር የሚኾነውን አሮጌ የወደብ ስፍራ ለመለወጥ በ1997 ዐሳቧን ገለጠች፥ በ2000 ፕላኑን አጸደቀች። መሬቱ የከተማዋ ስለ ነበረ የከተማዋ ማኅበር ያዘው፤ ከመሬቱ ሽያጭ የተገኘውም ገንዘብ ለመንገድና ለድልድይ ዋለ። ቦታ የሚጠይቀው ሰው ምን ሊሠራበት እንዳሰበ ይጠየቃል፤ የሚመረጠውም ብዙ ገንዘብ በማቅረቡ ብቻ አይደለም፤ ዐሳቡ ለሰፈሩ የሚጠቅም መኾኑ ይመረመራል። የውኃው ዳርቻ መንገድም ለሕዝብ ኹሉ ክፍት ኾኖ ተሠራ።

ከሁለቱ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። ደንቡ ከመሬቱ መሰጠት በፊት ቢወጣ ሕዝብ ይጠቀማል፤ መሬቱ ከተሰጠ በኋላ ደንብ ማውጣት ግን ፈረሱ ከወጣ ወዲህ በር እንደ መዝጋት ነው።

፭ኛ። ሕጉ ምን እንደሚል

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ሀብት ነው፥ አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ እንደ ሐምቡርግ ያለ ምደባ ለማድረግ መሠረቱ አለ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ነዋሪዎች በፕላኑ ዝግጅት ተካፋዮች ይኾኑ ዘንድ ያዛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ስለ ካሣ የሚናገረው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ፥ መሬቱ ለልማት የሚፈለግበት ባለይዞታ በፕላኑ መሠረት ለማልማት ዐቅም ቢኖረው የቅድሚያ መብት እንዲያገኝ፥ ባይኖረውም ካሣ እንዲከፈለው ደንግጓል።

ኾኖም ካሣ የሚከፈለው ሕጋዊ ይዞታ ላለው ሰው ነው። የውኃ መውረጃ፥ የደንገል ማጨጃ፥ የመረብ ማሰጫ በማንም ስም ስላልተጻፈ ቢወሰድ ካሣ የሚጠየቅበት ወረቀት የለም። ስለዚህ ያልተጻፈው ጥቅም ከምደባው በፊት በሽማግሎች ቃል ተጣርቶ በፕላኑ ላይ ሊጻፍ ይገባል። ማንበብ የሚችል ሽማግሌ ታላቅ አገልግሎት የሚሰጠው በዚህ ነው፤ ፕላኑ ለሕዝብ በሚቀርብበት ቀን ቀርቦ ያነባል፥ ላልተማረው ጎረቤቱ ያስረዳል፥ የጎደለውንም በጽሑፍ ያመለክታል።

፮ኛ። በጎ ምደባ የሚታወቅባቸው አራት ነገሮች

አንደኛ፤ ከውኃው ጋራ የሚያያዘው ጠባብ መሬት ለማንም ሳይሰጥ ለሕዝብ መሄጃ ይቀራል። ሆቴሉም ኾነ ፋብሪካው ከዚያ ወዲያ ይቆማል።

ሁለተኛ፤ ከሕንጻው በፊት ውኃው ይጠራል። ፋብሪካው ከስፍራው ቢነሣም ባይነሣም እጣቢውን ሳያጣራ እንዳያፈስስ፥ ሆቴሉም እንዲሁ እንዲያደርግ ይታዘዛል። የተረፈው ደንገል ይጠበቃል።

ሦስተኛ፤ በዳርቻው የሚሠራው ሰው ኹሉ፥ ወረቀት ያለውም የሌለውም፥ ይቈጠራል፤ ለታንኳ መውጫ፥ ለዓሣ ገበያና ለጀልባ ነጂዎች በፕላኑ ላይ የታወቀ ቦታ ይሰጣል። ፋብሪካ የሚነሣ ቢኾን ሠራተኛው አዲሱን ሥራ የሚማርበት ጊዜና ተማሪ ቤት አስቀድሞ ይዘጋጃል።

አራተኛ፤ ዳርቻው ለአንድ ዐይነት ሥራ ብቻ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በተከታታይ በደረሰው ጦርነት የጎብኚው እግር አጥሯል፤ በጎብኚ ብቻ የሚተዳደር ዳርቻ በእንደዚህ ያለ ዘመን ይራባል። ዓሣው፥ ንግዱ፥ የእጅ ሥራውና እንግዳ መቀበሉ ተደባልቀው ሲገኙ ግን አንዱ ሲጐድል ሌላው ይደግፋል። ገበሬ ጤፍና ባቄላ፥ ገብስና ኑግ ከፋፍሎ የሚዘራው ስለዚህ ነው።

፯ኛ። ለመምህሩ

መምህሩ ይህን ትምህርት በቃል ብቻ አያስተምር። ተማሪዎቹን በቅርብ ወዳለው ወንዝ፥ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለ እንደ ኾነ ወደ ውትርን ወይም ወደ ውሰታ ይዟቸው ይሂድ። ከላይ ማን እንደሚያጥብ፥ ከመካከል ማን እንደሚያጠጣ፥ ከታች ማን እንደሚቀዳ አይተው በወረቀት ይሣሉ። ያ ሥዕል ትንሽ የቦታ ምደባ ፕላን ነው። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር አንድ ፋብሪካ ቢመጣ ወዴት መቆም እንደሚገባው፥ እያንዳንዱም ሰው ወዴት እንደሚወርድ ተከራክረው ይወስኑ። ልጅ በወንዙ ዳር ፍርድን ከተማረ፥ ነገ በከተማ ሸንጎ ሲቀመጥ የጎረቤቱን የውኃ መውረጃ አይዘጋም።

ጥያቄዎች

1። ጋጣ ከውኃ ጕድጓድ በላይ ቢኾን ምን ይደርሳል? ይህ ስለ ፋብሪካ ምን ያስተምራል?
2። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ለባሕር ዳር ያመጣው ጥቅምና ጉዳት ምንድር ነው?
3። ደንገል ለሐይቁ የሚሰጠውን ሁለት ጥቅም ተናገሩ።
4። ለንደንና ሐምቡርግ በምን ይለያያሉ? ለአገራችን የሚስማማው የቱ ነው? ስለ ምን?
5። ወረቀት የሌለው ሰው ጥቅሙ እንዳይጠፋ ሽማግሎች ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?
6። «ያባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን ተረት በመንደራችሁ ባለው ነገር ምሳሌ አስረዱ።