ወደ አገር ቤት ዕቃ ሲጭኑ ከሶፋው በፊት ብሎኑን ያስቡ

ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ የቤት ዕቃ የሚልክ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ስብራትን ነው። መስታወቱና የሶፋው ጥግ በብርድ ልብስ ይጠቀለላል፤ የተፈቱት ብሎኖች ግን ያገኙት ካርቶን ውስጥ ይጣላሉ። አዲስ አበባ ላይ መገጣጠም ሲጀመር ሥራውን የሚያስቆመው ደግሞ ይኸው ነው።

ችግሩ ልኩ ላይ ነው። የብዙ የአሜሪካ ሶፋዎች እግር ብሎን አምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች ነው። አዲስ አበባ በብዛት የሚገኘው በሚሊሜትር የሚለካው ነው። ባለ 8 ሚሊሜትሩ ከአሜሪካው ብሎን በዓይን አይለይም፤ ጥርሱ ግን ይለያያል። ጥቂት ዙር ገብቶ ይነክሳል፤ በጉልበት ካጠበቁት የሴቴውን ጥርስ ይበላዋል። ስለዚህ ከመፍታትዎ በፊት መጋጠሚያዎቹን ፎቶ ያንሱ፣ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ቁጥር ይጻፉ። የእያንዳንዱን ዕቃ ብሎንና ዳዶ ለየብቻ በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ስሙን ይጻፉበት። እዚያው አሜሪካ ጥቂት መጠባበቂያ ይግዙ። እኔ የምመክረው ከረጢቶቹን ከነመፍቻቸው በሻንጣዎ እንዲይዙ ነው። ስኮች ግን በቫርኒሽ ላይ አይለጥፉ፤ ሲላጥ ቀለሙን ይዞ ይነሳል።

ከቺፑድ የተሠራ ቁምሳጥን እዚያው ቢሸጡት ይሻላል። አንዴ ከተፈታ ቀዳዳው ይላላል። ከሌሎች ጋር በጋራ ኮንቴይነር የሚጫን ዕቃ ደግሞ በአብዛኛው የሚከፈልበት በሜትር ኩብ ስለሆነ፣ ቀላል ቢሆንም ቦታ እስከያዘ ድረስ ያስከፍላል። ጥሩ ጣውላ ያለው ጠረጴዛ ግን እግሩ ተፈትቶ ቢላክ ዋጋ አለው።

ሁለተኛው ጠላት እርጥበት ነው። ቀንና ሌሊት ሙቀቱ ሲለዋወጥ በኮንቴይነሩ ጣሪያ ላይ ላብ ይቋጠርና ወደ ታች ይንጠባጠባል። ጅቡቲ ሲደርስም በሞቃቶቹ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ የሚሆን ሙቀት ይጠብቀዋል። እንጨትን መጀመሪያ በብርድ ልብስ ወይም በካርቶን ይሸፍኑ፤ ፕላስቲክ ከላይ፣ ያውም ሳይጠብቅ ይሁን። ቆዳ ሶፋን ፕላስቲክ ፈጽሞ አይንካው፣ ይጣበቅበታል። እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ከኮንቴይነሩ ግድግዳ ላይ ይስቀሉ። የእንጨት ሣጥን ካሠሩ፣ እንጨቱ ውስጡ ድረስ በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ መሞቁን የሚያሳየው ማኅተም ይኑረው።

ዕቃው ደርሶ ለጊዜው ጋራዥ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ፣ በተለይ በክረምት፣ ከሲሚንቶው ወለል በፓሌት ያንሱት፤ ከግድግዳውም ትንሽ ያርቁት። ፍራሹ ይጋደም፤ በላዩ ምንም አይጫን።

የካርቶኖቹን ዝርዝር ከነቁጥራቸው ለትራንዚተርዎ ቀድመው ይላኩ። ቀረጡንም ዕቃው ከመጫኑ በፊት ጉምሩክን ይጠይቁ። ኮንቴይነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከገባና ነፃ ቀኑ ካለቀ በኋላ፣ መልስ በጠበቁበት ቀን ሁሉ የማከማቻ ክፍያ ይጨመርብዎታል።