ቦዝ አንቀጽና የሥራ ቅደም ተከተል

ሀ. ባክቴሪያውን አራብታችሁ ዓሣውን ጨምሩ።
ለ. ዓሣውን ጨምራችሁ ባክቴሪያውን አራቡ።

ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ። ግሦቹ አንድ ናቸው፤ የቦዝ አንቀጹ ቦታ ግን ተለውጧል። ቦዝ አንቀጽ ቀድሞ የሚፈጸመውን ድርጊት ስለሚያመለክት፣ በበርሜል ቆሮሶ እያረባ ያንኑ ውሃ በጠጠር ላይ ለተተከለ ሰላጣ የሚያጠጣ ጀማሪ «ለ»ን ቢከተል ዓሣው ሊያልቅበት ይችላል። ዓሣ የሚያስወግደው አሞኒያ መርዝ ነውና። ይህን ወደ ናይትሬት፣ ማለትም ወደ ተክል ምግብ፣ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በጠጠሩ ላይ እስኪበዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያው ጥቂት የዓሣ መኖ በውሃው ውስጥ እየበሰበሰ ይመግባቸዋል። («ከዚያም፣ ከዚያም» እያሉ መደርደርም ቅደም ተከተልን ያሳያል፤ ግን ጆሮ ያሰለቻል።)

መልመጃ፦ ከደረቅ ቅጠል፣ ከእርጥብ ሣርና ከእበት ብስባሽ እንዴት እንደሚዘጋጅ በአምስት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ፤ ቢያንስ ሦስት ቦዝ አንቀጾች ይኑሩበት።