ሦስቱ መስቀሎች

በባሮክ ዘመን፣ ማለት ይልቁንም በ17ኛው መቶ ዓመት፣ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በመዳብ ሰሌዳ ቀርጾ ማተም በአውሮፓ እጅግ የተስፋፋ ጥበብ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ከስፍራው አይነቃነቅም፤ የታተመው ግን በነጋዴ እጅ ከአገር ወደ አገር ይዘዋወር ነበር። ከብዙዎቹ መካከል የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት በ1653 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የሠራውን «ሦስቱ መስቀሎች» የተባለውን የስቅለት ሥዕል መርጫለሁ።

ሬምብራንት በሌሎች ሥራዎቹ ብዙ ጊዜ መዳቡን በሰም መሰል ቅባት ሸፍኖ፣ በመርፌ ጭሮ፣ ጭረቱን በአሲድ ያስበላው ነበር። ለዚህኛው ግን አሲዱን ትቶ ሰሌዳውን በሹል ብረት በቀጥታ ጫረው። ብረቱ ሲያልፍ ከጭረቱ ዳርና ዳር ሸካራ የመዳብ ጠርዝ ብቅ ይላል፤ ቀለምም ስለሚይዝ፣ በእርጥብ ወረቀት ሲታተም መስመሩ እንደ ከፋይ ጠቁሮና ለስልሶ ይወጣል። ጉዳቱ ግን ይህ ጠርዝ በመጫኛው ክብደት ቶሎ መድቀቁ ነው። ከመጀመሪያዎቹ እትሞች አንዳንዶቹ በብራና ላይ ታትመዋል። ብራና ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ቀለምን እንደ ወረቀት ፈጥኖ ስለማይመጥ ጥላውን የበለጠ ያለሰልሰዋል።

ባለሙያዎች በሰሌዳው ላይ የተደረገውን ለውጥ በደረጃ ይቈጥሩታል። በመጀመሪያው ደረጃ ብርሃን ከሰማይ ወደ መስቀሉ ይወርዳል፤ ወታደሩም፣ የሚያለቅሱትም ሴቶች፣ ተንበርክኮ እጁን የዘረጋውም የመቶ አለቃ በግልጽ ይታያሉ። በሦስተኛው ደረጃ ሠዓሊው ስሙንና ዓመቱን ጻፈበት፤ ሥራው አለቀ ያሰኛል።

በአራተኛው ደረጃ ግን ያንኑ መዳብ ወስዶ ብዙዎቹን ሰዎች ፋቃቸው። ከላይ እስከ ታች ከባድ መስመር አወረደበት፤ ከሁለቱ ወንበዴዎች አንዱ በጨለማው ሊዋጥ ጥቂት ቀረው። ከመስቀሉ በታች ረጅም ባርኔጣ ያደረገ ፈረሰኛ ተጨመረ፤ መልኩም የጣሊያኑ ፒሳኔሎ በ15ኛው መቶ ዓመት ከሠራው ሜዳይ የተወሰደ ነው። ሉቃስ በወንጌሉ ምዕራፍ 23 ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ የሚለው ጨለማ፣ በእኔ አስተያየት፣ እዚህ ላይ በእውነት መጣ።

ሠዓሊው ይህን ያደረገው ሰሌዳው ስላለቀበት ነው የሚሉ አሉ። መዳቡ መድከሙ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለመጠገን ብቻ ቢሆን ኖሮ የደከመውን መስመር መልሶ መጫር ይበቃው ነበር።