በሞያሌ ጎዳና ለምትሄድ ልጄ

ልጄ፣ በኬንያ በኩል ሥራ አግኝተህ ወደ እኛ ልትመጣ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ስለ ቤት ኪራዩና ስለ ሽልንጉ ምንዛሪ ሌሎች ይነግሩሃል። እኔ የምነግርህ ስለ አካሄድህ ነው። ሞያሌ ቦራናው፣ ገብራው፣ ገሪው፣ ቡርጂው፣ ሶማሌው፣ አማራው በአንድ ገበያ የሚተላለፍባት ከተማ ናት። አንተ ሰው ገፍትረህ ብታልፍ የሚወቀሰው ያንተ ስም አይደለም፤ «የእነ እገሌ ልጅ» ተብሎ ወገንህ ሁሉ ይወቀሳል። ስለዚህ አስተውለህ ስማኝ።

1. ኬላውን ስታልፍ የመኪናው መስመር ይገለበጣል። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. በቀኝ መንዳት ስትጀምር፣ ኬንያ እንግሊዞች ባስለመዷት በግራ ቀጠለች። እኛ ዘንድ አስፋልት ልታቋርጥ ስትል አስቀድመህ ወደ ቀኝ ተመልከት፤ የቅርቡ መኪና የሚመጣው ከዚያ ነው። የእግረኛ መንገድ በሌለበትም መኪናው ፊት ለፊት እንዲታይህ፣ እዚያ የግራውን ጠርዝ እንደምትይዝ ሁሉ እዚህ የቀኙን ያዝ። ከኢሲዮሎ ሞያሌ ድረስ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ከሆነ ወዲህ ከባድ መኪናው ከተማ የሚገባው በፍጥነት ነው። ቦዳ ቦዳው፣ ማለትም የሞተር ብስክሌት ታክሲው፣ ደግሞ ከየትም ይመጣልና አንገትህን ወዲያም ወዲህም አዙር።

2. ሸክም የያዘን ሰው አሳልፍ። ጄሪካን ያዘለች ሴት፣ ጆንያ የተሸከመ ወዛደር፣ የተጫነ ጋሪ የሚገፋ ልጅ እንዳንተ ቆም ብሎ መንገድ መምረጥ አይችልም። ጋሪው ቁልቁለት ላይ ከሆነማ ገፊው ራሱ አያቆመውም። «መንገድ! መንገድ!» እስኪልህ አትጠብቅ። እኔ በዚህ ከተማ ከማየው ጥፋት ሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ እጁን ኪሱ ከትቶ የሚሄድ ጎረምሳ ቆሞ፣ ጀርባዋ የጎበጠ እናት ወደ ቦዩ ዳር ስትወርድለት።

3. ሰላምታችን ረጅም ነው፤ ይርዘም። የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ሁኔታ ሳይጠይቁ ማለፍ ነውር ነው። ነገር ግን ወዳጅህን ስታገኝ እጁን ይዘህ ወደ ግድግዳው ጠጋ በል። የሱቅ ደጃፍ ላይ ቆማችሁ ስትሳሳሙ ባለሱቁ ገበያውን ያጣል፤ በይሉኝታም አይናገራችሁም። ከጓደኞችህ ጋር ጎን ለጎን ተደርድራችሁ መንገድ መዝጋትም ያው ነው።

4. በኬላው ተራህን ጠብቅ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገር መሪዎች የመረቁት የጋራ የድንበር ጣቢያ ሥራው የመውጫውንም የመግቢያውንም ጉዳይ በአንድ ጣራ ሥር መጨረስ ነው። ሰልፉ ቀለል ያለው ለዚህ ነው። የምታውቀው ሰው ከፊት ስላለ ብቻ ከኋላው ተሽለክልከህ ብትገባ ግን ሕፃን ያዘለችውን፣ ሕመምተኛ ይዞ የመጣውን ነው የምታስቆመው። እነርሱን አንተው ራስህ ወደ ፊት አሳልፋቸው፤ ሌላውም ያንተን አይቶ ይለቃል።

5. ሕዝብ በተሰበሰበበት አትሩጥ፣ አትጩህም። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ከተኩስ የሸሹ ሺዎች ድንበሩን ተሻግረው በዚህ በኩል ተጠልለዋል። ያንን ቀን የሚያስታውስ ሰው በገበያው መካከል አንድ ሰው ሲሮጥ ካየ ልጁን አንስቶ ነው የሚሮጠው። አንተ ለመኪና ቸኩለህ ይሆናል፤ እርሱ ግን ይህን አያውቅም።

6. የጫት ገረባህን መንገድ ላይ አትጣል። ፌስታልም ይዘህ አትምጣ፤ ኬንያ ከነሐሴ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ከልክላዋለች፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። ዕቃህን በዘንቢል ወይም በጨርቅ ቦርሳ ይዘህ ተሻገር።

7. ትከሻህን የገፋህ ቢኖር አስቀድመህ አንተ ይቅርታ በል። እዚህ የሁለት ጎረምሶች ግፊያ ማታውን የሁለት ወገን ጠብ ሊሆን ይችላል። በደሉ ከከበደህ በመንገድ ላይ አትጨርሰው። ወደ እኛ ወደ ሽማግሌዎቹ አምጣው፤ የእርሱንም አባቶች ጠርተን እንነጋገርበታለን።