ከፍታ የነሣውን መመለስ ወይስ ከንድፍ በላይ መጨመር? በ1ኤችዜድ የናፍጣ ሞተር ላይ ቱርቦ የመግጠም ውሳኔ

ቱርቦ የሌለው የናፍጣ መኪና በደጋ ዳገት ላይ ሲደክም ባለቤቱ ቱርቦ ስለማስገጠም ማሰቡ የተለመደ ነው። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው «ስንት የፈረስ ጉልበት ይጨምራል?» በሚል መልክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ሐሳብ ግን ጥያቄው አስቀድሞ ለሁለት መከፈል አለበት የሚል ነው። ከፍታው የነሣውን ጉልበት ለሞተሩ መመለስ አንድ ነገር ነው፤ ፋብሪካው ካሰበው በላይ ማሠራት ሌላ ነገር ነው። ያው አንድ ቱርቦ ሁለቱንም ሊያደርግ ይችላል፤ የትኛውን እንደሚያደርግ የሚወስነው በአብዛኛው መኪናው የሚመላለስበት መንገድ ነው።

ለማሳያነት የተመረጠው በላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ላይ የሚገኘው የቶዮታ 1ኤችዜድ ነው። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደርና 4,164 ሲሲ ይዘት አለው፤ ናፍጣው የሚረጨው በቴስታታው ውስጥ ወዳለ ቅድመ ክፍል ሲሆን የመታመቅ ምጣኔው 22.4 ለ1 ነው። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው 1ኤችዲቲ እኩል ይዘት አለው፤ ቱርቦውም ከፋብሪካ የተገጠመ ነው። ይሁን እንጂ ልዩነቱ በቱርቦው አያበቃም። የመታመቅ ምጣኔው ወደ 18.6 ዝቅ ብሏል፣ ናፍጣው በቀጥታ በፒስተኑ አናት ላይ ይረጫል፣ ፒስተኖቹም ከሥር በዘይት ርጭት ይቀዘቅዛሉ። የፋብሪካው መሐንዲሶች ቱርቦ ባሰቡ ጊዜ ሞተሩን ራሱን ቀይረውታል ማለት ነው። 1ኤችዜድ ግን ይህ ዝግጅት የለውም።

አዲስ አበባን በአማካይ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ብናስቀምጣት፣ በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት የአየሩ ግፊት 76 ኪሎፓስካል ገደማ ይሆናል። በባሕር ወለል 101 ነው። የአየሩ ሙቀት እኩል ከሆነ ሲሊንደሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በሩብ ይቀንሳል። ጣርማበርን በመሰለ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ደግሞ ግፊቱ ወደ 70 ኪሎፓስካልና ከዚያ በታች ይወርዳል።

አየሩ ሲሳሳ ፖምፓው ይህን አያውቅም። የከፍታ ማስተካከያ ካልተገጠመለት በቀር ሙሉ ጭነት ላይ የሚሰጠው ናፍጣ ለባሕር ወለል የተመጠነው ነው። ትርፉ ናፍጣ በማርሚታው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ የጭሱም ሙቀት ይጨምራል። ስለዚህ ደጋ ላይ የሚሠራ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ አነሰ እንጂ ዕረፍት አገኘ ማለት አይቻልም። ይህ ነጥብ ለቱርቦ የሚቀርበውን ክርክር ከሁሉ በላይ ያጠናክረዋል፤ ፖምፓው በፋብሪካው ልክ ላይ ካለ፣ የናፍጣውን መጠን ሳይነኩ አየሩን ብቻ መመለስ ጭሱንም ሙቀቱንም ይቀንሳል።

ለመሆኑ ምን ያህል ግፊት ያስፈልጋል? 101ን ለ76 አካፍሎ 1.33 ማለት ያሳስታል፤ አየር ሲታመቅ ይሞቃል፣ ሲሞቅም ይሳሳል። የውጭው አየር 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የመጭመቂያው ብቃት 65 በመቶ ነው ብለን ስናሰላ፣ ኢንተርኩለር ከሌለ የግፊት ምጣኔው 1.63 መድረስ አለበት። ይህም ከአካባቢው ግፊት በላይ 48 ኪሎፓስካል ሲሆን አየሩ ወደ ሞተሩ የሚገባው በ85 ዲግሪ ነው። ከትርፍ ሙቀቱ 70 በመቶውን የሚያስወግድ ኢንተርኩለር ከተገጠመ ግን 1.39፣ ማለትም 30 ኪሎፓስካል ብቻ ይበቃል። ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ቱርቦውን ያለ ኢንተርኩለር መግጠም፣ በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ ቁጠባው ከሁሉ ያነሰ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው አዲስ አበባ ላይ ለሚውል መኪና ነው። የተለመደው የቱርቦ ግፊት መቆጣጠሪያ የሚሠራው በስፕሪንግ ሲሆን የሚለካውም ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ልዩነት ነው። 30 ኪሎፓስካል ላይ የታሰረው ስፕሪንግ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው አዋሽ ሲወርድ በ90 ላይ 30 ይጨምርና 120 ያደርሰዋል። ጂቡቲ ወደብ ላይ 131 ይሆናል። ኢንተርኩለር የሌለውና 48 ላይ የታሰረው ደግሞ 149 ይደርሳል፤ ይህም ሞተሩ ከተነደፈበት ግፊት በግማሽ ያህል የሚበልጥ ነው። የመታመቂያው ግፊት ከመግቢያው ግፊት ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ በ22.4 ምጣኔ ጭነቱን የሚሸከሙት ቴስታታው፣ ጓርኒሲዮኑና ፒስተኖቹ ናቸው። ሽቅብ ሲወጣ «መመለስ» የነበረው ሥራ ቁልቁል ሲወርድ «መጨመር» ሆነ። የፖምፓው ብሎን ተከፍቶ ናፍጣው ከፋብሪካው ልክ ካለፈ በግፊቱ ላይ ሙቀትም ይታከላል፤ ከሥር የዘይት ርጭት የሌለው ፒስተን ይህን ለረጅም ጊዜ አይችልም።

ብዙም የማይነሣ ሌላ ጉዳይ አለ። ቱርቦው የባሕር ወለሉን ጉልበት ሲመልስ የባሕር ወለሉን ሙቀትም ይመልሳል፤ በራዲያተሩ በኩል የሚያልፈው አየር ግን ያው ሩቡ የጎደለው ነው። ውኃም በ76 ኪሎፓስካል የሚፈላው በ92 ዲግሪ ስለሆነ የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን የማይዝ ከሆነ ረጅም ዳገት ላይ መትረፍረፉ አይቀርም። ኢንተርኩለሩ ከራዲያተሩ ፊት ከተቀመጠ ደግሞ የሚነፍሰው አየር ሞቆ ይደርሳል።

ከዚህ ስሌት ሲነሣ፣ በከተማ ውስጥ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ለሚውል መኪና ቱርቦው የሚያስገኘው ነገር ጥቂት ነው። ፊልትሮው ንጹሕ፣ ኖዝሎቹ የተፈተሹ፣ የፖምፓው ታይሚንግ የተስተካከለ መሆኑ ሳይረጋገጥም ስለ ቱርቦ መነጋገር አያስፈልግም። ጭነት ይዞ በደጋ አውራጎዳና ላይ ብቻ ለሚመላለስ መኪና 30 ኪሎፓስካል ከኢንተርኩለር ጋር፣ ናፍጣው ሳይነካ፣ ምክንያታዊ ምርጫ ነው። በየሳምንቱ ወደ አፋር ለሚወርድ መኪና ግን ልዩነቱን ሳይሆን ፍጹሙን ግፊት የሚለካ መቆጣጠሪያ ካልተገኘ እንዳለ መተው ይሻላል። በየትኛውም ሁኔታ የጭስ ሙቀት መለኪያ ከቱርቦው በፊት፣ በጭስ መውጫው ላይ መተከል አለበት፤ ከቱርቦው በኋላ የሚነበበው ሙቀት ተርባይኑ ኃይሉን ከወሰደ በኋላ የቀረው ስለሆነ ፒስተኑ ስላለበት ሁኔታ የሚናገረው ከእውነቱ ዝቅ ያለ ነው።