ከፖሊስ መኪና ጋራ ግጭት የደረሰበት ነጋዴ በሕግ ያለው መብት

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የአባቶች አነጋገር በብዙ ነጋዴ ልቡና ውስጥ ገና አልጠፋም። በድሬዳዋ ከከዚራ ወደ መጋላ ዕቃ ሲያመላልስ የነበረ የጭነት መኪና ከፖሊስ መኪና ጋራ ቢጋጭ ባለቤቱ «ከመንግሥት ጋራ ሙግት ምን ይጠቅመኛል» ብሎ የጥገናውን ሒሳብ ከራሱ ኪስ ለመክፈል ይቸኩላል። ይህ አሳብ ግን በሕግ የተደገፈ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2137 ንጉሠ ነገሥቱ በኃላፊነት እንዳይከሰሱ ቢደነግግም፣ የመንግሥትን ግምጃ ቤት ከካሣ ነጻ አላደረገም።

የመጀመሪያው መሠረት የባለንብረትነት ኃላፊነት ነው። በቁጥር 2081 መሠረት የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ መኪናውን የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢኾን እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ነጻ የሚወጣው ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደ ነበረ ሲያስረዳ፣ ወይም በቁጥር 2086 እንደ ተመለከተው ጉዳቱ በተጎጂው ጥፋት የደረሰ ሲኾን ነው። ስለዚህ የፖሊስ መኪና መንገድ ስቶ የሱቅ በር ቢሰብር፣ ባለሱቁ የነጂውን ጥፋት እንዲያስረዳ አይገደድም። መኪናው የማን እንደ ኾነና የደረሰውን ኪሣራ ማስረዳት ይበቃዋል።

ኹለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ግን ነገሩ ይለወጣል። በቁጥር 2084 መሠረት ኹለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደ ኾኑ ይገመታል፤ የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ግማሽም ይሸከማሉ። ለምሳሌ የነጋዴው መኪና 180,000 ብር፣ የፖሊሱ መኪና 60,000 ብር ጉዳት ቢደርስባቸው ድምሩ 240,000 ብር ነው። የእያንዳንዱ ድርሻ 120,000 ብር ስለሚኾን ነጋዴው ከመንግሥት የሚያገኘው 60,000 ብር ብቻ ይኾናል። ጉዳቱ በተገላቢጦሽ ቢኾን ደግሞ ነጋዴው ራሱ 60,000 ብር ከፋይ ይኾናል። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ነጂ ጥፋት የደረሰ መኾኑ ሲረጋገጥ ነው። እንግዲህ ጥፋት የሌለበት ነጋዴ ማስረጃ ካላቀረበ የኪሣራው ተካፋይ መኾኑን ማወቅ አለበት።

ሌላው መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ ጥፋት ነው። ቁጥር 2126 ሠራተኛው በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ራሱ ካሣ እንዲከፍል ያዛል፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከኾነ ተጎጂው መንግሥትንም ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥር 2127 እንደሚያስረዳው የሥራ ጥፋት ማለት ሠራተኛው በሥልጣኑ ክልል ውስጥና ለመንግሥት ጥቅም የሚሠራ መኾኑን በቅን ልቡና አምኖ የፈጸመው ነው። ተቃራኒ ማስረጃ እስኪቀርብ ድረስም ቅን ልቡና እንዳለው ይገመታል። ለአስቸኳይ ሥራ ሲረን እያሰማና መብራት እያበራ የሚሄድ የፖሊስ መኪና ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ ኾኖም ቅድሚያ ማግኘት ከጥንቃቄ ነጻ መኾን አይደለም። ስለዚህ ሲረኑ ይሰማ፣ መብራቱም ይበራ እንደ ነበረ በምስክር ማረጋገጥ በክርክሩ ላይ ትልቅ ዋጋ አለው።

የአደጋውን ፕላን የሚያነሣው የትራፊክ ፖሊስ ስለ ኾነ፣ ነጋዴው የራሱንም ማስረጃ በቦታው መሰብሰብ ይገባዋል። መኪናዎቹ ከመነሣታቸው በፊት ፎቶግራፍ ማስነሣት፣ የሰሌዳውን ቁጥር መመዝገብ፣ የምስክሮችን ስምና አድራሻ መያዝ፣ የፕላኑን ግልባጭ መጠየቅ ያስፈልጋል። የጥገና ደረሰኝ፣ የተበላሸው ዕቃ ፋክቱርና መኪናው ቆሞ በሰነበተባቸው ቀኖች የቀረው ገቢ መዝገብ ተሟልተው ይቀመጡ። ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋራ እኩል እንዲኾን ሕጉ ያዛልና፣ ያልተመዘገበ ኪሣራ ሳይከፈል ይቀራል። ለመድን ድርጅቱም በውሉ በተመለከተው ጊዜ ውስጥ ማስታወቅ ተገቢ ነው። ድርጅቱ ካሣ ከከፈለ በደንበኛው እግር ተተክቶ ጥፋተኛውን ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ነጋዴው ሳያማክረው የዕርቅ ወረቀት መፈረም የለበትም።

ክስ ከመመሥረቱ በፊት መኪናው የድሬዳዋ ፖሊስ ወይም የፌዴራል ፖሊስ መኾኑ መለየት አለበት፤ የተሳሳተ ተከሳሽ መጥራት ጊዜና ገንዘብ ያጠፋል። ድሬዳዋ በ1996 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የኾነች ከተማ ስትኾን የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በውስጧ ያስችላሉ። በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 መሠረት ግምቱ ከ10 ሚሊዮን ብር የማይበልጥ የፍትሐ ብሔር ክርክር የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ነጂው በወንጀል ቢከሰስና በነጻ ቢለቀቅም የካሣው ጥያቄ በዚያው አይዘጋም፤ በቁጥር 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በወንጀሉ የነጻ መልቀቂያ ፍርድ አይታሰርም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው የይርጋ ዘመን ነው። በቁጥር 2143 መሠረት የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ጉዳቱ የደረሰው በወንጀል ኾኖ ለወንጀሉ የተወሰነው ይርጋ የረዘመ እንደ ኾነ ግን በዚያው ይታሰባል። ከመሥሪያ ቤቱ ጋራ በስምምነት ለመጨረስ መሞከር መልካም ነው። ነገር ግን «ይታያል» እየተባለ ደብዳቤ ሲመላለስ ኹለቱ ዓመት ካለፈ መብቱ አብሮ ያልፋል። አስተዋይ ነጋዴ የሐዋላ ወረቀት መክፈያ ቀን እንደሚቈጥር ሁሉ ይህንንም ቀን በመዝገቡ ላይ ይጽፋል፤ ዕርቁ ካልተፈጸመም ቀኑ ሳይደርስ ክሱን ያስመዘግባል።